ብሪታንያ በፍልስጤም የተቀበለችው አደራ

ብሪታንያ ፍልስጤምን 30 ዓመት ያህል ገዝታለች። የጋዛ ረሃብ በተነሳ ቁጥር ስሟ አብሮ የሚነሳውም ለዚህ ነው። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1917 ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አርተር ባልፎር በብሪታንያ የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪ ለነበሩት ለሎርድ ሮትሽልድ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። መንግሥታቸው በፍልስጤም ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ መኖሪያ እንዲቋቋም እንደሚደግፍ አስታወቁ። ደብዳቤው የሌሎቹ ነዋሪዎች የሲቪልና የሃይማኖት መብት እንዳይነካ ይላል። ስለ ፖለቲካ መብታቸው ግን ምንም አላነሳም። ያኔ ከአገሩ ሰው ከአሥሩ ዘጠኙ ያህሉ አረብ ነበር። ያማከራቸው የለም።

በ1922 የመንግሥታት ማኅበር የሞግዚትነት ሥልጣኗን አጸደቀላት። የማኅበሩ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 22፣ ራሳቸውን ችለው ገና ላልቆሙ ሕዝቦች ደኅንነት መሥራት የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ ነው ይላል። ብሪታንያ ይህን እያወቀች ነው የተረከበችው።

በ1936 አረቦቹ የብሪታንያን አገዛዝና የአይሁድ ፍልሰትን ተቃውመው አድማ መቱ። አድማው ስድስት ወር ቆየ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ ተሰደው በሃይፋ በኩል ኢየሩሳሌም የገቡት በዚያው ሰሞን ነበር። በሰኔ የእንግሊዝ ጦር የአሮጌዋን ጃፋ ቤቶች በፈንጂ አፈረሰ። አድማው ወደ አመጽ ተለወጠ፤ አመጹም እስከ 1939 በኃይል ተደፈጠጠ። የፍልስጤማውያን አመራር ከ1948 በፊት የተዳከመው በዚህ ነው። በ1939 ለንደን የአይሁድ ስደተኞችን ቁጥር በአምስት ዓመት 75,000 ላይ ወሰነች። ናዚ አይሁድን በሚያሳድድበት ሰዓት በር ዘጋች ተብላ እስካሁን ትወቀሳለች፤ ወቀሳው ተገቢ ነው። በ1945 ያወጣችው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ደግሞ ቤት ማፍረስንና ያለ ፍርድ ማሰርን ፈቀደ። እስራኤል ይህን ደንብ ወርሳ በፍልስጤማውያን ላይ ተጠቅማበታለች።

በኅዳር 1947 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሩ ለሁለት እንዲከፈል ሲወስን ብሪታንያ ድምፅ አልሰጠችም። ኢትዮጵያም ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። በግንቦት 1948 የመጨረሻው ከፍተኛ ኮሚሽነር (ብሪታንያ የሾመችው አስተዳዳሪ) አላን ካኒንግሃም በሃይፋ ወደብ ወጥተው ሄዱ። እስራኤል በተመሠረተችበት ጦርነት ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ተፈናቀሉ። ስንቱ ተባረረ፣ ስንቱ ሸሸ የሚለው ያከራክራል። እንዳይመለሱ መከልከላቸው ግን አያከራክርም።

ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ለንደን የተባበሩት መንግሥታት የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት ለሆነው ለአንርዋ ገንዘብ ትሰጥ ነበር።

በ2017 መንግሥቷ ለባልፎር መግለጫ ይቅርታ እንደማይጠይቅ አሳወቀ። በጥር 2024 ለአንርዋ የምትሰጠውን ገንዘብ አቋረጠች። ጋዛ እየተራበች ስድስት ወር ማለፉ የሚያስቆጭ ነው። በሐምሌ ወር 21 ሚሊዮን ፓውንድ ለቀቀች። በመስከረም ወደ እስራኤል ጦር መሣሪያ ለመላክ ከተሰጡ 350 ገደማ ፈቃዶች 30ውን አገደች፤ ለኤፍ 35 ተዋጊ ጄት የሚውሉት ክፍሎች ግን በአብዛኛው ከእገዳው ውጭ ቀሩ።

በሐምሌ 2025 የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴቪድ ላሚ አገራቸው ልዩ ኃላፊነት እንዳለባት በኒውዮርክ ተናገሩ። በነሐሴ በጋዛ ከተማና አካባቢዋ ረሃብ መግባቱ በይፋ ተረጋገጠ። በመስከረም 21 ብሪታንያ ለፍልስጤም መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ዕውቅናው ይቅርታም ካሳም የለበትም። በዚያው ወር ፍልስጤማውያን አቤት ባዮች ሁለቱንም የሚጠይቅ 400 ገጽ ያህል የሕግ ሰነድ ለመንግሥቷ አስገብተዋል።