የጂፒኤስ ንባብና የወረቀት ቶፖግራፊ ካርታ በኢትዮጵያ

ቶፖግራፊ ካርታ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙ የኮንቱር መስመሮች፣ ወንዞችን፣ መንገዶችንና መንደሮችን ደግሞ በምልክቶች የሚያሳይ ካርታ ነው። በኢትዮጵያ ለመስክ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ቀድሞ የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ፣ አሁን የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በኃላፊነት የያዘው የ1:50,000 ሉህ ነው። በዚህ ስኬል በወረቀቱ ላይ ያለ 2 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ሉህ በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ሩብ)፣ ማለትም በየጎኑ ከ27 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መሬት ይሸፍናል።

በሉሁ ላይ የታተመው የዩቲኤም ግሪድ (መሬትን በዞኖች ከፍሎ ቦታን በቋሚና በአግድም መስመሮች የሚያመለክት መረብ) በሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ከዲግሪ ይልቅ ለእጅ ሥራ ይመቻል። ለምሳሌ ለመሀል አዲስ አበባ በካርታው ዳተም (የቦታ ቁጥሮች በሚሰሉበት የመሬት ቅርጽና መነሻ ነጥብ) የተወሰደ የጂፒኤስ ንባብ ኢስቲንግ (ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው) 473660፣ ኖርዚንግ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው) 995840 ቢሆን፣ በኅዳጉ ላይ 73 የተባለውን ቋሚ መስመርና 95 የተባለውን አግድም መስመር ፈልጎ፣ ከመጀመሪያው ወደ ቀኝ 13.2 ሚሊ ሜትር፣ ከሁለተኛው ወደ ላይ 16.8 ሚሊ ሜትር በማስመሪያ መለካት ይበቃል። የግማሽ ሚሊ ሜትር የእርሳስ ጫፍ በዚህ ስኬል 25 ሜትር ስለሚይዝ፣ መሣሪያው በ5 ሜትር ልክ አነበበ ብሎ መኩራት በወረቀት ላይ ብዙም ትርጉም የለውም።

ዋናው ጣጣ ያለው ዳተሙ ላይ ነው። ጂፒኤስ በራሱ የሚሠራው ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ ዳተም ሲሆን፣ ነባሮቹ የኢትዮጵያ ሉሆች ግን የመሬትን ቅርጽ በክላርክ 1880 ስሌት በሚወስደው አዲንዳን ዳተም የተዘጋጁ ናቸው። ይህ ዳተም መነሻውን ያደረገው በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ በነበረችው የኑቢያ መንደር በአዲንዳን አካባቢ ባለ የቅየሳ ነጥብ ነው (መንደሯ ራሷ ዛሬ በአስዋን ግድብ ውኃ ተውጣለች)። የቅየሳ መረቡ ወደ ኢትዮጵያ የተዘረጋው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በዓባይ ተፋሰስ በተካሄደው ቅየሳ ነበር። በሁለቱ ዳተሞች ልዩነት የተነሣ በአዲስ አበባ አካባቢ የአንድ ቦታ የደብልዩጂኤስ 84 ንባብ ከአዲንዳኑ በኢስቲንግ 95 ሜትር ያህል፣ በኖርዚንግ ደግሞ 205 ሜትር ያህል ይበልጣል። ሁለቱ ተደምረው በካርታው ላይ ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ፈቀቅታ ያመጣሉ፤ በሜዳ ላይ ይህ ቀላል ቢመስልም፣ በዓባይ ሸለቆ ወይም በስሜን ገደሎች ከአፋፉ በላይ ያለን ሰው ከሥሩ እንዳለ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በእጅ በሚያዙ የጂፒኤስ መሣሪያዎች የዳተም ዝርዝር ውስጥ አዲንዳን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚገኝ መምረጥ ብቻ ነው። ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ግን ይህን ምርጫ ስለማይሰጡ፣ ከንባቡ ላይ ልዩነቱን በእጅ መቀነስ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ በዩቲኤም 36፣ 37 እና 38 ዞኖች ትከፈላለች። ጋምቤላ በ36፣ አዲስ አበባ በ37 ውስጥ ናቸው፤ 42ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ስለሚያልፍ ድሬዳዋ 37 ውስጥ ስትቀር ሐረር 38 ውስጥ ትገባለች። እያንዳንዱ ዞን ኢስቲንግን ለብቻው ስለሚቆጥር፣ ይህን መስመር ወደ ምሥራቅ የተሻገረ ሰው ኢስቲንጉ ከ829,000 አካባቢ በአንድ ጊዜ ወደ 171,000 አካባቢ ሲወርድ ያያል፤ የዞኑን ቁጥር ሳይጽፉ ንባብ ለሌላ ሰው መስጠት ስለዚህ ዋጋ የለውም። በዲግሪ ሲጻፍም 9°30′ እና 9.30° አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከፍታ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው። የ1:50,000 ሉሆች ኮንቱር በአብዛኛው በየ20 ሜትሩ ስለሚሰመር፣ በካርታው ላይ በእርሳስ ምልክት የተደረገበት ነጥብ በ2,400 እና በ2,420 ኮንቱሮች መካከል ወድቆ ሳለ መሣሪያው 2,150 ካነበበ፣ የጂፒኤስ የከፍታ ንባብ ከአግድም የቦታ ንባቡ ይልቅ ሁልጊዜም ደከም ያለ ቢሆንም ልዩነቱ ከዚያ ድካም በላይ ነውና በመጀመሪያ መፈተሽ ያለባቸው ዳተሙና ዞኑ ናቸው።