ማኅበራዊ ሚዲያ በድሬዳዋ ኅብረተሰብና ፖለቲካ ውስጥ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ዳር በደረሰ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዕቃም ወሬም ከባሕር ወደ መሀል አገር የሚያልፍባት ከተማ ሆና ኖራለች። ከእርሷ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሐረርም በ1880ዎቹ አጋማሽ ዝርጋታው የተጀመረውና 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የስልክ መስመር ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኛት ከተማ ናት። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ዋትስአፕ ወደዚህ አካባቢ ሲገቡ ያገኙት በንግድ፣ በዝምድናና በጨዋታ ለረጅም ዘመን ወሬ ሲቀባበል የኖረ ሕዝብ ነው። ተፅዕኗቸውም ከዚህ ነባር ልማድ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ኢንተርኔት በአገሪቱ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በድሬዳዋ ከቢሮና ከኢንተርኔት ካፌ ወጥቶ የተራው ነዋሪ መገልገያ የሆነው ስማርት ስልክ ከተስፋፋና ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የዳታ ዋጋ ከቀነሰ በኋላ ነው ለማለት ይቻላል። ቀጥሎም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሙከራ አገልግሎት ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የጀመረው በአዲስ አበባ ሳይሆን በድሬዳዋ ነበር፤ ከአዲስ አበባም በፊት ሐረርና ሐረማያ ተከተሉ። በዚህም ምክንያት በ07 የሚጀምር ቁጥር በአገሪቱ አስቀድሞ የያዙት የምሥራቅ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ሲም ይዞ ጥቅል የረከሰበትን እያማረጡ መጠቀምም በከተማዋ ቶሎ ተለመደ።

የድሬዳዋን ሁኔታ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የሚለየው ግን የቋንቋው ነገር ነው። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይነገራሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ ግሩፕ፣ የየራሱ ቻናልና የየራሱ ታዋቂ ሰው አለው። ጅቡቲና ሐርጌሳ ዘመድ ያለው ሶማሊኛ ተናጋሪ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ይለዋወጣል፤ ልጇ ዓረብ አገር ያለች እናት በኢሞ ታወራለች፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ይውላል። ስለዚህ በከተማዋ አንድ ነገር ሲከሰት የሚነሳው ወሬ አንድ አይደለም። በየቋንቋው የሚዘዋወሩት ወሬዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ግሩፕ ሌላው የሚያነበውን አያይም።

እነዚህን ወሬዎች የሚያገናኛቸው አሮጌው ተቋም በርጫ ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሰውም ጫቱን ይዞ ከወዳጆቹ ጋር ይሰበሰባል። ከተቀመጡት አንዱ «ስሙማ እቺን» ብሎ በሶማሊኛ የተቀዳ ድምፅ ከስልኩ ያሰማል፤ ጎኑ ያለው ቋንቋውን ለማይሰማው በአማርኛ ያስረዳል፤ ሦስተኛው በአፋን ኦሮሞ ግሩፕ ያየውን ይጨምርበታል። ድምፁ ላይ «ተኩስ ተሰማ» የነበረው በሁለተኛው አፍ «ሰው ተመታ»፣ በሦስተኛው «ሰው ሞተ» ይሆናል፤ ማታ ላይ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ወደሚባሉት ሰፈሮች ሲደርስ የሟቹ ብሔር ጭምር ተጨምሮበታል። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ወሬ ከመነሻው ጽሑፍ ወይም ድምፅ ጋር አብሮ ስለማይሄድ፣ የመጀመሪያው መልእክት ቢስተካከል ወይም ቢሰረዝ እንኳ በከተማው ያለው አይሰረዝም። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ በድሬዳዋ የማኅበራዊ ሚዲያ ዋነኛው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በንግድ በኩል ያለው ለውጥ በአመዛኙ በጎ ነው። ታይዋን በሚባለው የገበያ ሥፍራ ኤሌክትሮኒክስና ልብስ የሚሸጡ ነጋዴዎች የዕቃቸውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለቀው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላሉ፤ ገዢው በቴሌብር ይከፍላል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ይላካል። ሐረርም የጀጎል ግንብና የማታው የጅብ ምገባ በቪዲዮ በመሰራጨታቸው፣ የሐረሪዎች በዓል የሆነው ሹዋሊድም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በመመዝገቡ፣ ከቀድሞው የበለጠ ለመታየት በቅታለች።

ፖለቲካው ከዚህ ይከብዳል። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ሥልጣን 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 በመቶ ለሶማሌ፣ 20 በመቶ ለሌሎች የሚከፋፈልበትና በተለምዶ 40-40-20 የሚባለው አሠራር ቀድሞ ድምፅን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ጉዳይ ነበር፤ በፌስቡክ ግን በአደባባይ መከራከሪያ ሆኗል። የሥራ ቅጥር፣ የመሬት ድልድልና የቀበሌ ቤት ጥያቄዎችም በዚሁ መድረክ ይነሳሉ። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ አቤት የሚልበት ደጅ የሌለው ወጣት ቢያንስ የሚጽፍበት ቦታ አግኝቷል።

ይሁንና በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የሆነው የዚህን መድረክ ሌላ ገጽታ አሳይቷል። ፖለቲከኛው ጃዋር መሐመድ በሌሊት ጥበቃዎቹ ከእርሱ እንዲነሱ ሊደረግ እንደሆነ በፌስቡክ ገጹ አስታወቀ፤ በማግሥቱ በኦሮሚያ ከተሞች የተነሳው ተቃውሞ ወደ ሁከት ተለውጦ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሐረርና ድሬዳዋም አላመለጡም። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል መንግሥት በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ዘጋ፤ መዘጋቱም ለሦስት ሳምንት ያህል ዘለቀ። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተፈጠረውን ችግር ተከትሎ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታግደው፣ ሰው በቪፒኤን ሲጠቀም ከረመ።

መዝጋት ወሬን አያቆምም። በርጫው አይዘጋም፤ የሚቀረው ወሬውን ማጣራት የሚቻልበት መንገድ ነው። ጂዳ ካለ ልጅ የሚላክ ገንዘብ፣ በቴሌግራም ቻናል የተያዘ ትዕዛዝ፣ የታመመ ሰው ለማሳከም በየአገሩ የተበተኑ የድሬ ልጆች የሚያሰባስቡት መዋጮ ሁሉ አብሮ ይቆማል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጭ ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል፤ ኩባንያዎቹም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ያዛል። ነገር ግን 24 ሰዓት ለበርጫ ወሬ እጅግ ብዙ ነው። ከኩባንያዎቹ ብዙ መጠበቅም አስቸግሯል፤ የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ዓ.ም. ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ቃል የኩባንያው አሠራር በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እንደሚያባብስ ተናግራለች።

በአንጻሩ በከተማዋ እጅ ያለው ሥራ ቀላል አይደለም፤ ግን ይቻላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ ከተማዋ ተኝታ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው በላይኛው የሐረርጌ ደጋ ስለነበር ወንዙ ዳር ያለው ሰው የሚመጣውን አላወቀም። ዛሬ ከከተማዋ በላይ ባለው ደንገጎ ዝናብ ሲጥል የሚያይ ማንኛውም ሾፌር ቪዲዮ ቀርጾ ጎርፉ ሳይደርስ ወደ ከተማ መላክ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ግን ማንበብ ለማይችሉም እንዲደርስ በድምፅ፣ ያውም በአራቱም ቋንቋ መላክ አለበት፤ በአማርኛ ብቻ ተጽፎ በአንድ ገጽ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አሸዋው ላይ ጉልት ዘርግታ ለምትነግድ ሶማሊኛ ተናጋሪ እናት አይደርስም። ሰላምን የሚመለከቱ ማስተባበያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አስተዳደሩና የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያዎች በተመሳሳይ ሰዓት በየቋንቋው ካላወጧቸው፣ አንዱ ሰፈር እውነቱን ሰምቶ ሲረጋጋ ሌላው በሐሰቱ ሲንቀለቀል ያመሻል።