የድሮ የውድድር ፔሌት በካሊፐር አይታወቅም

«በካሊፐር ስለካው 4.51 አለኝ። እንግዲህ ያ ድሮ ይመረት የነበረው የውድድር ፔሌት ነው ማለት ነው አይደል?» ይህችን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል። (ፔሌት የአየር ጠመንጃ ትንሽ የእርሳስ ጥይት ነው፤ ካሊፐር ደግሞ ስፋት የሚለካበት መሣሪያ።) ሊሆን ይችላል። ግን ካሊፐሩ አልነገረህም።

አንዴ በደንብ ላስረዳ። ለ10 ሜትር የኢላማ ተኩስ የሚያገለግል የአየር ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ ካሊበሩ፣ ማለትም የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። የፔሌቱ ጣሳ ላይ ግን 4.49፣ 4.50፣ 4.51 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። እነዚህ የአናቱ፣ ማለትም የፔሌቱ የፊት ክፍል፣ ስፋት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ተራ ዲጂታል ካሊፐር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ0.02 ወዲያና ወዲህ ሊስት ይችላል፤ መመሪያውን አንብቡት። ስህተቱ ከምትፈልጉት ልዩነት ከበለጠ ምኑን ለካችሁት?

በዚያ ላይ እርሳስ ለስላሳ ነው። ጠበቅ ስታደርጉት የካሊፐሩ አፍ አናቱን ይጨፈልቀዋል። ብዙዎች ደግሞ ሳያውቁት የሚለኩት ከአናቱ ሰፋ ያለውን የኋላ ጠርዝ ነው። በዚህ ጉዳይ የሞገተኝን አንድ ተኳሽ ያንኑ ፔሌት እያዞረ ደጋግሞ እንዲለካው ጠየቅኩት። በለካው ቁጥር ሌላ መልስ መጣ። ክርክሩም እዚያው አበቃ።

ስፋቱን የምር ማወቅ የፈለገ በልክ የተበሱ ቀዳዳዎች ባሉት መለኪያ ይሞክር። ያም ቢሆን ስፋቱን እንጂ ስሙን አይነግረውም። 4.50 የሚያመርተው አንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለማ!

«መዝኜዋለሁ» የሚሉም አሉ። የአርደብሊውኤስ አር 10 የጠመንጃ ፔሌት 0.53 ግራም ነው። የሌላው አምራች፣ የኤች ኤንድ ኤን፣ ፊናሌ ማች የጠመንጃውም 0.53 ነው። ሚዛን ያልሆነውን ለመጣል ይረዳል፣ የሆነውን ለማረጋገጥ ግን አይበቃም።

«ጣሳው ላይ ተጽፏል እኮ!» ጣሳው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። ዕድሜውን ግን ጥሩ አድርጎ ይናገራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለበት ጽሑፉ የተዘጋጀው ከ1990ው ውህደት በፊት ነው። የጀርመኑ ፋብሪካ አድራሻ ባለ 4 አኃዝ የፖስታ ቁጥር ካለው ደግሞ የተጻፈው ከ1993ቱ ለውጥ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ 5 አኃዝ ሆኗል። «ዩአይቲ» የሚለው የዓለም አቀፉ የተኩስ ፌዴሬሽን የድሮ ስም ነው፣ በ1998 ተቀይሯል። ክዳኑ ላይ ያለው ስም የአምራቹ ላይሆንም ይችላል። ቢማን በሚል ስም ይሸጡ ከነበሩት ብዙዎቹን የሠራው ጀርመናዊው ኤች ኤንድ ኤን ነው።

ውስጡስ? ባዶ ጣሳ የሚጥል ተኳሽ አላውቅም። አንድ ወዳጄ «ያልተነካ» ብሎ ያመጣልኝን ጣሳ ስንዘረግፈው ግማሹ ፔሌት ከወገቡ በታች ልሙጥ፣ ግማሹ ባለ መስመር ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓይነት ፔሌት በአንድ ጣሳ!

ስለዚህ መጀመሪያ ዘርግፉና በመልክ ለዩ። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ እዩ። የአናቱን ጠርዝ፣ የወገቡን ቅጥነት፣ የኋላውን ጉድጓድ ጥልቀት ተመልከቱ። ጉድጓዱ ውስጥ ፊደል ወይም ቁጥር ካለ መዝግቡ። በመጨረሻም ምንነቱ በእርግጥ ከሚታወቅ ፔሌት ጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። የሚወዳደር ናሙና ከሌላችሁ «ይመስላል» በሉና ተዉት።

አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ የውድድር ነው? አይደለም። ጠፍጣፋ የሆነው የኢላማውን ወረቀት ክብ አድርጎ እንዲቆርጥና ነጥቡ በግልጽ እንዲታይ ነው። ርካሹ የልምምድ ፔሌትም እንዲሁ ነው።

በድሮ ፔሌት ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት የፋብሪካ ቅባት አይደለም፣ የእርሳስ ዝገት ነው። መርዛማ ስለሆነ እፍ አትበሉት፤ ከነካችሁትም እጃችሁን ታጠቡ። የእንጨት መሳቢያ ውስጥም አታስቀምጡት፣ ከእንጨት የሚወጣው አሲድ ዝገቱን ያባብሰዋል።

«የድሮው ይሻላል» ለሚለው ደግሞ ፈራጁ የእናንተው አፈሙዝ ነው። ጠመንጃውን በማሰሪያ አጥብቁና ከአንድ የምርት ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረቱትን ከሚለየው የጣሳው ቁጥር) የመጡትን ብቻ ተኩሳችሁ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ እዩ። ጣሳው ሊያልቅ ከሆነ ግን አትልፉ፤ የዛሬውን ምርት ፈትናችሁ የሚስማማችሁን የምርት ቁጥር በብዛት ግዙ።