የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በአሜሪካ፦ የማያልቀው የበጀት ሙግት

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከቤቱና ከሰፈሩ ሳይርቅ የሚታከምበት አሠራር የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይባላል። ሰፈር ውስጥ ያለው ክሊኒክ፣ ቤት ድረስ የሚመጣው የባለሙያዎች ቡድን፣ በጭንቅ ሰዓት የሚደወልበት የስልክ መስመር፣ መኖሪያና ሥራ የሚያፈላልገው ሶሻል ዎርከር ሁሉም የዚሁ አካል ናቸው። ይህ ዓይነቱ ሕክምና እንደሚጠቅም አሜሪካ ውስጥ ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ነው።

ሙግቱ የቆየ ነው። ዶሮቲያ ዲክስ የምትባል መምህርት እ.ኤ.አ. በ1843 ለማሳቹሴትስ ሕግ አውጪዎች አቤቱታ አቀረበች። እስር ቤቶችንና የድሆች መጠለያዎችን ዞራ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው አይታ ነበር፤ ያየችውን በዝርዝር ጻፈችው። ግዛቲቱም የአእምሮ ሆስፒታሏን አሰፋች። በ1854 ደግሞ ፌዴራል መንግሥት ለአእምሮ ሕሙማን መርጃ የሚሆን መሬት እንዲሰጥ የደከመችበት ሕግ በኮንግረስ አለፈ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ ግን ይህ የፌዴራል መንግሥት ሥራ አይደለም ብለው ውድቅ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሸክሙ ለመቶ ዓመት ያህል በአብዛኛው የግዛቶቹ ሆነ።

ዲክስ የለመነችው ሆስፒታል እንዲሠራ ነበር። የኋለኞቹ ተሟጋቾች ደግሞ እነዚያው ሆስፒታሎች እንዲዘጉ ለመኑ። ምክንያት ነበራቸው። በ1955 በግዛት ሆስፒታሎች የተኙት ሕሙማን ከ550,000 በላይ ደርሰው ነበር፤ ብዙዎቹ ተጨናንቀውና ተረስተው ነው የሚኖሩት። በዚያው አሥርት ዓመት ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ሲመጣ ብዙ ሕሙማን ከሆስፒታል ውጭ መኖር እንደሚችሉ ታየ።

ጆን ኬኔዲ የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላትን ሕግ የፈረሙት ጥቅምት 31 ቀን 1963 ነው። ጉዳዩ ቤታቸውም ገብቶ ነበር፤ እህታቸው ሮዝሜሪ በ1941 በተደረገላት የአንጎል ቀዶ ጥገና ክፉኛ ተጎድታለች። ሕጉን ከፈረሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተገደሉ። እቅዱ 1,500 ያህል ማዕከላት ነበር፤ የተሠሩት ግማሽ ግድም ናቸው። የፌዴራሉም ገንዘብ ማስጀመሪያ ብቻ ነበር፤ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሲሄድ ግዛቶች ይተኩታል ተብሎ ታሰበ። ብዙዎቹ አልተኩትም።

ዋናው ስህተት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አልጋው ሲዘጋ የአልጋው በጀት ከታማሚው ጋር ወደ ሰፈሩ አልሄደም። በ1965 የመጣው ሜዲኬይድም (ፌዴራል መንግሥትና ግዛቶች በጋራ የሚከፍሉት የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን) በአእምሮ ሆስፒታሎች ለሚተኙ ከ65 ዓመት በታች ላሉ ሰዎች አልከፍልም አለ። ስለዚህ ግዛቶች ሕሙማኑን ቶሎ ማስወጣት አዋጣቸው፤ የሚቀበላቸው ክሊኒክ መኖር አለመኖሩ ሌላ ጉዳይ ሆነ። ጂሚ ካርተር በ1980 ማዕከላቱን የሚያጠናክር ሕግ ፈረሙ። በቀጣዩ ዓመት የሬገን አስተዳደር አብዛኛውን ሰርዞ፣ ገንዘቡንም ቀንሶ፣ ግዛቶች እንደፈለጉ በሚያውሉት ጥቅል ድጎማ ተካው። ዛሬ አንዳንድ ትልልቅ የካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር) እስር ቤቶች ከአገሪቱ ዋና የአእምሮ ሕክምና መስጫዎች መካከል ይቆጠራሉ።

ለዚህ ነው በየዓመቱ የበጀት ወቅት ታማሚዎች፣ ወላጆችና የክሊኒክ ሠራተኞች ወደ ግዛት ምክር ቤቶች የሚጎርፉት። በ1979 ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ላይ በታማሚ ቤተሰቦች የተመሠረተው ናሚ የተባለው ማኅበር በዚህ ሥራ ይታወቃል። በኮሚቴ ፊት ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ልምድ ያላቸው ተሟጋቾች የራሳቸውን ታሪክ ባጭሩ ይናገሩና ወደ ቁጥሩ ይገባሉ። ጠንካራው መከራከሪያቸው ሜዲኬይድ ነው። ግዛት ለሕክምና አንድ ዶላር ካወጣ ፌዴራል መንግሥት ቢያንስ ሌላ አንድ ዶላር ይጨምራል። ግዛቱ ከቀነሰ ያንንም ያጣል ማለት ነው። ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ፦ ፕሮግራም የሚያቋቁም ሕግ ብቻውን ገንዘብ አያመጣም። ገንዘቡን የሚሰጠው የበጀት ድምፅ ነው። እልል ተብሎለት የጸደቀ ሕግ ሳንቲም ሳያይ የሚቀረው በዚህ ነው።

የሚጠየቅለት ነገር ምን እንደሚመስል ማዲሰን ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የተሞከረው አሠራር ሐኪም፣ ነርስና ሶሻል ዎርከር ያሉበት ቡድን ቀን ከሌት ታማሚውን ባለበት እንዲከታተል ያደርጋል። ለአንድ ሠራተኛ አሥር ሰው ግድም ነው የሚደርሰው። ርካሽ አይደለም፤ ግን ሆስፒታል መመላለስን ይቀንሳል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ግዛቶች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። የካሊፎርኒያ መራጮች በ2004 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዓመታዊ ገቢ ላይ የ1 በመቶ ግብር ጣሉ። ኦሃዮ ውስጥ ብዙ ካውንቲዎች ከቤትና ከመሬት ግብር ላይ ይሰበስባሉ፤ ለዚያም የነዋሪውን ድምፅ ይጠይቃሉ። በሐምሌ 2022 ሥራ ለጀመረው 988 የተባለ የቀውስ ስልክ መስመር ደግሞ ኮንግረስ ግዛቶች በስልክ ሂሳብ ላይ ትንሽ ክፍያ እንዲጨምሩ ፈቅዷል፤ ለድንገተኛ አደጋ ስልክ ለ911 እንደሚደረገው ማለት ነው። የተጠቀሙበት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።