ሬንጅፋይንደር ምንድን ነው? የካሜራ ቅርጽ ሳይሆን የርቀት ሚዛን

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ካሜራውን ይዞልኝ መጣና ሬንጅፋይንደሩ ስለተዛባ እንዳስተካክልለት ጠየቀኝ፤ በቅርብ ያነሳቸው ፊቶች ሁሉ ደብዝዘው ወጥተውበታል። ካሜራው ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የተመረተ፣ ሌንሱ ጥሩ፣ አካሉም ጠንካራ የሆነ ካሜራ ነው፤ የሚስተካከል ሬንጅፋይንደር ግን የለውም፤ ሲሠራም አልተገጠመለትም። ሻጩ «የፊልም ሬንጅፋይንደር» ብሎ ሸጦለታል፤ ወጣቱም በውስጡ ለሌለ መሣሪያ ገንዘብ ከፍሏል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ደጋግሜ ስላየሁት ቃሉን በጽሑፍ ማብራራት ግድ ሆኖብኛል።

ሬንጅፋይንደር ማለት ርቀት መለኪያ ማለት ነው። በካሜራው ፊት ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት መስኮቶች አሉ፤ በአንደኛው በምናየው ምስል መሃል ላይ፣ በሌላኛው የገባው ምስል በመስታወት ወይም በፕሪዝም ተመልሶ ይደረባል። የሌንሱን ቀለበት ስናዞር ከሌንሱ ኋላ ያለው ጠርዝ በካሜራው ውስጥ ያለውን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱም መስታወቱን ያዘነብለዋል፤ ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ሌንሱ በትክክለኛው ርቀት ላይ ፎከስ አድርጓል ማለት ነው። ሁለት ምስል የማይደረብበት ካሜራ መመልከቻው በየትኛውም ጥግ ቢቀመጥ፣ አካሉ የቱንም ያህል ቢያምርና ቢያረጅ፣ ሬንጅፋይንደር አይደለም።

ይህን ስናገር አንድ አስተያየት ሰጪ ቃል እየሰነጠቅሁ እንደሆነ ጠቅሶ፣ ፎቶ ሲነሣ ወደ ላይ የሚነሣ መስታወት የሌለውና መመልከቻው በጥግ በኩል የሆነ ካሜራ ሁሉ በዚህ ስም ቢጠራ ጉዳት እንደሌለው ተከራከረኝ። በእርሱ አባባል ከሄድን እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው የመጀመሪያው የጀርመን ካሜራ ላይካም ሬንጅፋይንደር ሊባል ነው፤ ያ ካሜራ ግን ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ ስላልነበረው ባለቤቶቹ ርቀቱን ይገምቱ ወይም ለብቻው የሚሸጥ መለኪያ ከላዩ ላይ ይሰኩ ነበር። ሁለቱ የተያያዙት በ1932 በወጣው ላይካ 2 ነው፤ ለሠሪዎቹ ልዩነቱ አዲስ ካሜራ እስከ ማውጣት የሚያደርስ ቁም ነገር ነበር። ሮላይ 35 እና ስሜና 8ኤም በግምት የሚሠሩ ናቸው። በአንጻሩ በ1979 የወጣው ኦሊምፐስ ኤክስኤ ሸሚዝ ኪስ የሚገባ፣ መልኩም ሬንጅፋይንደር የማይመስል ሲሆን፣ በውስጡ ግን እውነተኛ ሬንጅፋይንደር አለው። ጉዳት የለውም የተባለውም የስም መቀላቀል ወጣቱን ገንዘብ አስወጥቶታል።

ልዩነቱን በገበያ ሚዛን ላስረዳ። በትሪፕ 35 ላይ አራት ምልክቶች አሉ፤ ከአንድ ሰው ሥዕል ይጀምሩና በተራራ ያበቃሉ፤ ፎቶ አንሺው ርቀቱን በዓይኑ ገምቶ አንዱን ይመርጣል። ይህ በእፍኝ እንደ መሸጥ ነው፤ ልምድ ያለው እጅ ብዙ አይሳሳትም፣ ነገር ግን ልክ አይደለም። ሬንጅፋይንደር ደግሞ ሁለት ሳህን ያለው ሚዛን ነው፤ ሳህኖቹ ሁለቱ መስኮቶች፣ ዘንጉም በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው፤ ምስሎቹ ሲገጥሙ ሳህኖቹ እኩል ቆሙ። ሚዛን የጤፉን ክብደት እንጂ ጥራቱን እንደማይናገር ሁሉ ሬንጅፋይንደርም ስለ ሌንሱ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም። «የሬንጅፋይንደር ፎቶ ይበልጥ ጥርት ያለ ነው» የሚለው አባባል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ኤስኤልአር የሚባለው ባለ መስታወት ካሜራ በራሱ በሌንሱ በኩል የገባውን ምስል ሲያሳየን፣ በሬንጅፋይንደር ግን የምናየው ሌንሱ የሠራውን ምስል ሳይሆን የልኬቱን ውጤት ብቻ ነው። እውነት ለመናገር፣ የሚነሣ መስታወት ስለሌለ ሰፊ ማዕዘን ያላቸውን ሌንሶች ወደ ፊልሙ አስጠግቶ መሥራት ይቻላል፤ ይህ ግን የሌንስ ንድፍ ጥቅም ነው፤ ርቀት መለኪያው የሚሰጠው አይደለም።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሚዛን ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። 35 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 8 ላይ ሆኖ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መክፈቻ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) በ3 ሜትር ቢደረግ፣ ከ1.9 እስከ 7 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ በተለመደው መስፈርት ጥርት ብሎ ይወጣል። በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ለሚያነሣ ሰው እፍኙ ይበቃዋል፤ ትሪፕ 35ም ለእርሱ ጥሩ ግዢ ነው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ተከፍቶ በ1 ሜትር ፊት ለማንሣት ሲሞከር ግን ጥርት የሚለው ከ5 ሴንቲሜትር ያነሰ ጥልቀት ነው፤ እዚያ ግምት አይሠራም።

የሚዛኑ ዘንግ በረዘመ ቁጥር ትንሹ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በካሜራውም እንዲሁ ነው፤ በመስኮቶቹ መካከል ያለው ርቀት መመልከቻው ምስሉን በሚያሳንስበት መጠን ሲባዛ ልኬቱ ምን ያህል ስለታም እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር እናገኛለን። በላይካ ኤም6 ላይ 69.25 ሚሊሜትር በ0.72 ሲባዛ 50 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ካርኪቭ ውስጥ በተሠራው በሶቪየቱ ፌድ 2 ደግሞ 67 ሚሊሜትር በ0.75 ሲባዛ ያው 50 ገደማ ነው! የዋጋቸው ልዩነት ግን የሚነጻጸር አይደለም። ሌላው የሶቪየት ካሜራ ዞርኪ 4 መመልከቻው ምስሉን ባያሳንስም መስኮቶቹ 38 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚራራቁ ከሁለቱም ያንሳል፤ ፌድ 3 እና ከእርሱ በኋላ የመጡትም ዘንጋቸው አጥሯል። ስለዚህ ሌንስ የሚቀያየርበት ሬንጅፋይንደር በትንሽ ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ፌድ 2ን ነው፤ መመልከቻው ከላይካው እንደሚደበዝዝ፣ የሌንሶቹንም ክፈፍ እንደማያሳይ አውቆ ይግዛ።

ከጥገና ጠረጴዛዬ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ካሜራዎች ፊልሙን ከብርሃን የሚከልል መዝጊያቸው የጨርቅ መጋረጃ ነው፤ ከፊቱም የሚከልል መስታወት ስለሌለ ሌንሱ የፀሐይን ጨረር በቀጥታ ጨርቁ ላይ ሰብስቦ ቀዳዳ ያቃጥላል። ካሜራውን አንገት ላይ አንጠልጥሎ በቀን የሚሄድ ሰው የሌንሱን ክዳን ይግጠም። ዞርኪ 4 ላይ ደግሞ ፍጥነት የሚቀየረው መጋረጃው ከተወጠረ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የሚያዞር ሰው ውስጡን ይሰብራል።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ አባባል «39 ሚሊሜትር ክር ያለው ሌንስ ሁሉ ይገጥማል፣ ይሠራልም» የሚለው ነው፤ ክሩ ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ነው። መግጠምና መሥራት ይለያያሉ። በሶቪየት ኅብረት የተማረ አጎት ካመጣው ዘኒት ከሚባል ካሜራ ላይ የተፈታ ሌንስ ሲመጣልኝ አዝናለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ዘኒቶች በእርግጥ ባለ 39 ሚሊሜትር ክር ናቸው፣ ነገር ግን ባለ መስታወት ካሜራዎች ስለሆኑ ሌንሳቸው ከፊልሙ 45.2 ሚሊሜትር እንዲርቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። የላይካ ክር ያለው ካሜራ 28.8 ሚሊሜትር ይጠይቃል። ሌንሱ ክሩን ጠብቆ ይገባል፣ በየትኛውም ርቀት ግን ጥርት አይልም፤ ክንዱን የሚገፋ ጠርዝም የለውም።

ሁለተኛው ወጥመድ ስውር ነው። ሚዛን ያለ ድንጋዩ ዋጋ የለውም፤ ድንጋዩም ከሚዛኑ ጋር በአንድ ልክ መሠራት አለበት። የላይካ ካሜራዎች 50 ሚሊሜትር የሚባለው ሌንስ በልኬት 51.6 ሚሊሜትር ነው ብለው ያሰላሉ፤ ሶቪየት ኅብረት ከጦርነቱ በኋላ ዞናር ከተባለው የጀርመኑ ዛይስ ሌንስ ንድፍ የቀዳቻቸው እንደ ጁፒተር-8 ያሉ ሌንሶች ግን የዛይስ ካሜራ የሆነውን የኮንታክስን 52.4 ሚሊሜትር ልክ ይከተላሉ። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጁፒተር-8ን ላይካ ወይም የጃፓን ካሜራ ላይ ስንሰካው በሩቅ ልክ ይሆንና፣ በኤፍ 2 ተከፍቶ በ1 ሜትር ሲያነሣ ዓይንን ያነጣጠርነው ፎከስ ሌላ ቦታ ያርፋል፤ ኤፍ 8 ላይ ስሕተቱ ስለሚሸፈን ብዙዎች ሌንሱ ጤነኛ እንደሆነ ይመሰክራሉ። ይህ ማለት የሌላ ገበያ ድንጋይ በራሱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ በገዛ ሚዛኑ ላይ እውነተኛ ነው። ጁፒተር-8 በፌድ ወይም በዞርኪ ላይ፣ ማንም ፈትቶ ያለ ልክ ካልገጠመው በቀር፣ ግሩም ሌንስ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የማይፈልግ ሰው ሌንሱ የማይፈታ ሬንጅፋይንደር ይግዛ፤ ድንጋዩና ሚዛኑ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። ካኖኔት ኪውኤል17 ጂ3 ባለ 40 ሚሊሜትር ኤፍ 1.7፣ ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ባለ 45 ሚሊሜትር ኤፍ 1.7፣ ኦሊምፐስ 35 አርሲ ባለ 42 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ አላቸው። ካኖኔትና አርሲ ባትሪ ባይኖርም በእጅ ተስተካክለው በሁሉም ፍጥነት ይሠራሉ፤ ያሺካው ባትሪ ሲያልቅ በአንድ ፍጥነት ብቻ ይቀራል። የሦስቱም ባትሪ በመጀመሪያ ሜርኩሪ ስለነበረ ዛሬ በምትኩ የሚገባው የብርሃን ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል። እኔ ብሆን ካኖኔትን ገዝቼ ብርሃኑን በስልክ እለካ ነበር።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ፈተና አጭር ነው። ሌንሱን የተኛ ስምንት ቁጥር ወደሚመስለው የኢንፊኒቲ ምልክት አዙሮ እጅግ ሩቅ ያለ የስልክ ማማ ወይም የሕንፃ ጠርዝ ማየት፤ ሁለቱ ምስሎች በአግድምም በቁመትም መግጠም አለባቸው። ቀጥሎ ፊልም ሳይገባ የኋላውን ክዳን ከፍቶ፣ ፊልሙ በሚተኛበት ሐዲድ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ወጥሮ፣ መዝጊያውን በ«ቢ» (ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ ክፍት በሚቆይበት ፍጥነት) ከፍቶ፣ ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ በ1 ሜትር ያለ የተጻፈ ነገር መመልከት ነው፤ ሬንጅፋይንደሩ ገጠመ ባለበት ቦታ ፊደሎቹ ወረቀቱ ላይ ጥርት ማለት አለባቸው። ሩቁ ገጥሞ ቅርቡ ካልገጠመ የሩቁን ምስል የሚያስተካክለውን ብሎን አይንኩት፤ ያኔ የተዛባው ክንዱ ወይም ሌንሱ ነው፣ ብሎኑን ማዞርም የተስተካከለውን ሩቅ ያበላሻል።