ፈጣን የፔንታቶኒክ ግሩቭ ምንድን ነው?

ፔንታቶኒክ ባለ አምስት ድምፅ ስኬል፣ ማለትም የድምፆች ቅደም ተከተል ነው። ለባሕር ዳር ወጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ በአዝማሪ ቤቶች በማሲንቆ የሚሰማቸው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሁሉም በአምስት ድምፅ የተሠሩ ቅኝቶች ናቸው። ግሩቭ ደግሞ ቤዝ ጊታሩ ከከበሮው ጋር ተጣብቆ ደጋግሞ የሚመልሰው፣ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ሐረግ ነው። ሁለቱ በፍጥነት ሲጣመሩ የጎጃም እስክስታ የሚፈልገው ቤዝ ይገኛል።

ፍጥነቱ ከጉልበት አይመጣም። የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብለው ይቃኛሉ፤ በአንዱና በቀጣዩ ክር መካከል የአምስት ፍሬት (የጊታሩን አንገት የሚከፋፍሉት የብረት መስመሮች) ልዩነት አለ። በዚህም ምክንያት አምስቱ ድምፆች በየክሩ ሁለት ሁለት ሆነው ይደረደራሉ። ሜጀር ትዝታን ከጂ ብንጀምር፣ በኢ ክር 3ኛና 5ኛ ፍሬት፣ በኤ ክር 2ኛና 5ኛ፣ በዲ ክርም 2ኛና 5ኛ እንይዛለን። አመልካች ጣት 2ኛውን፣ መሐል ጣት 3ኛውን፣ ትንሿ ጣት 5ኛውን ከያዙ ግራ እጅ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ፈተናው ቀኝ እጅ ላይ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለውም ለእሱ ነው። ችክችካ፣ የእስክስታው ምት፣ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ በአንድ ዙር ያሉት ስድስት ድምፆች ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ። አመልካችና መሐል ጣት እየተፈራረቁ ሲመቱ አንደኛው ድምፅ በአመልካች፣ አራተኛው በመሐል ጣት ይወድቃል። ሁለቱም የምቱ መርገጫዎች ናቸው። የአንዱ ጣት አመታት ከሌላው ከደከመ፣ ግሩቩ በፈጠነ ቁጥር ያነክሳል፤ ጨፋሪው ምክንያቱን ባያውቅም ትከሻው ያውቀዋል። መፍትሔው ያንኑ ሐረግ አንድ ጊዜ ከአመልካች፣ አንድ ጊዜ ከመሐል ጣት እየጀመሩ ልዩነቱ እስኪጠፋ መደጋገም ነው።

ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) በደቂቃ 60 ምት ላይ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ምት ሦስት ድምፅ። ሦስቱ እኩል ሳይሰሙ ወደ 64 አይታለፍም።

መብራት ሲጠፋ ያለ አምፕሊፋየር መለማመድ የተለመደ ነው፤ ግን ጠንቅ አለው። ድምፁ እንዲሰማ ክሩን አጥብቆ መምታት ይጀመራል፣ ክንድ ይገተራል፣ የተገተረ ክንድ ደግሞ አይፈጥንም። ጆሮን ወደ ጊታሩ እንጨት ማስጠጋት ይሻላል።

ስድስቱንም ድምፅ መሙላት ግሩቭ አይሆንም። ሁለተኛው ላይ ግራ እጅን ከክሩ ሳያነሱ ላላ በማድረግ ድምፁን ማፈን ይቻላል፤ ሦስተኛው ያኔ ጎልቶ ይወጣል። የሮሃ ባንዱን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን እዚህ ላይ በጥሞና ማዳመጥ በጣም ይጠቅማል።

ትዝታው ከጠራ በኋላ አምባሰል ይቀጥላል። ከጂ ሲጀመር በዲ ክር ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ስለሚዘረጋ፣ ግራ እጅ አሁን መንቀሳቀስ ግድ ይሆንበታል፤ ሜትሮኖሙም ወደ 60 ይመለሳል።