ባለ ግድግዳ ማህፀን ምንድን ነው? በአልትራሳውንድስ እንዴት ይለያል?

ልጅ ፈልገው፣ ወይም ውርጃ ተደጋግሞባቸው ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከሰቃ ወደ ጅማ ከሚመጡ ሴቶች አንዳንዶቹ «ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን» የሚል የአልትራሳውንድ ውጤት ይዘው ይመጣሉ። ምርመራው ብዙውን ጊዜ በሆድ በኩል የተደረገ ሲሆን፣ ምስሉ የማህፀኑን አናት ቅርጽ አያሳይም። ከእንዲህ ያለ ምስል ያ መደምደሚያ ሊወጣ አይችልም።

ማህፀን የሚሠራው ገና በጽንስነት፣ ከሁለት ቱቦዎች ነው። ቱቦዎቹ ገጥመው በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ሳይጠፋ ከቀረ ባለ ግድግዳ ማህፀን፣ ቱቦዎቹ ራሳቸው ከላይ ሳይገጥሙ ከቀሩ ደግሞ ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን ይሆናል። በአግድም በተወሰደ ምስል ላይ ሁለቱም የማህፀኑን የውስጥ ሽፋን በሁለት ተከፍሎ ያሳያሉ።

«ሁለት ሆኖ በመሣሪያው ታይቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» የሚሉ አሉ። የሚፈለገው የውጭው ቅርጽ ነው። አንድ ሰፊ ቤት በመካከሉ ግድግዳ ቢሠራበት፣ ወይም ሁለት ቤቶች ተጣብቀው ቢሠሩ፣ ውስጥ ለቆመ ሰው ያው ሁለት ክፍል ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ጣሪያው ከውጭ ሲታይ ነው። ጣሪያው አንድ ከሆነ ግድግዳውን ማንሳት ይቻላል፤ ጣሪያው ሁለት ሆኖ በመካከሉ ከተሰረጎደ ግን ግድግዳውን ያፈረሰ ሰው ሰማዩን ያያል። ባለ ሁለት ቀንዱን ማህፀን ባለ ግድግዳ መስሎት በሂስትሮስኮፒ (በማህፀን አፍ በኩል በሚገባ ቀጭን ማያ መሣሪያ) የሚቆርጥ ሐኪምም ማህፀኑን በስቶ ወደ ሆድ ዕቃ ሊገባ ይችላል። ቤት ባለበት ይቆማል፤ ማህፀን ግን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስለሚያጋድል፣ «ጣሪያውን» ከፊት ለፊት የሚያሳየውን ምስል በተለመደው አልትራሳውንድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በሴት ብልት በኩል የሚደረግ ባለ ሦስት ገጽታ አልትራሳውንድ ይህን ምስል አቀናብሮ ያወጣዋል።

የምርመራው ቀንም ለውጥ ያመጣል። ፖሊፕ (በማህፀን ሽፋን ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ) ለመፈለግ የወር አበባ እንዳበቃ፣ ሽፋኑ ገና ቀጭን ሳለ መታየት ይሻላል፤ የማህፀኑን ቅርጽ ለመለየት ግን ሽፋኑ ወፍሮ በምስሉ ላይ የሚነጣበት፣ ከእንቁላል መውጣት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል። አንድ ቀጠሮ ለሁለቱም እኩል አይመችም።

በልኬቱም ባለሙያዎች አልተስማሙም። የአሜሪካው የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር መካከለኛው ግድግዳ ወደ ውስጥ የገባበትን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ሲለካ፣ የአውሮፓው አመዳደብ ያንኑ ርዝመት ከማህፀኑ ከራሱ የጡንቻ ውፍረት ጋር ያነጻጽራል፤ ስለዚህ አንዱ ማህፀን ሁለት ስም ሊያገኝ ይችላል። ግድግዳውን መቁረጥም ራሱ አከራካሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ 80 ያህል ሴቶችን በዕጣ ለሁለት የመደበ ጥናት፣ የተቆረጠላቸው ሴቶች ካልተቆረጠላቸው ይልቅ በሕይወት ያለ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ማለቱን አላሳየም። ጥናቱ ትንሽ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። ባለ ግድግዳ ማህፀን ኖሯቸው ያለ ምንም ሕክምና የሚወልዱም ብዙ ናቸው።

ማህፀኑ በሚገባ ታየ ማለት እንቁላል የሚያልፍባቸው የማህፀን ቱቦዎች ክፍት መሆናቸው ታወቀ ማለትም አይደለም። ጤናማ የማህፀን ቱቦ በተለመደው አልትራሳውንድ ስለማይታይ፣ ለእርሱ የቱቦ ራጅ ወይም ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የባልየውም የዘር ፈሳሽ ምርመራ እስከዚያ ሊቆይ አይገባም። ኩላሊትና ማህፀን በጽንስነት ተቀራርበው ስለሚሠሩ ደግሞ፣ ከተፈጥሮ የመጣ የማህፀን ቅርጽ ለውጥ በተገኘባት ሴት ሁሉ፣ መርማሪው መሣሪያውን ከማስቀመጡ በፊት ሁለቱም ኩላሊቶች መኖራቸውን አይቶ በውጤቱ ላይ ይጻፍ።